የፈረንሳይ ገጠር በሞተርሆም፦ የት አድሮ፣ ምን ነድቶ?

ፈረንሳይን በሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ አልጋና ወጥ ቤት ባለው መኪና፣ መዞር ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመኪና ፎቶ ነው። አልጋው ስንት ሰው ይይዛል? ሻወሩ ይሰፋል? ቴሌቪዥን አለው? እኔ የምለው ሌላ ነው። መጀመሪያ ማታ የት እንደምታድሩ ወስኑ። ማደሪያው ሲታወቅ የመኪናው መጠን ይታወቃል። የመኪናው መጠን ሲታወቅ ደግሞ የትኛው መንደር እንደሚያስገባችሁ ይታወቃል። ነገሩን ከመኪናው የጀመረ ሰው ሰባት ሜትር ተኩል ቤት እየነዳ ሄዶ፣ ሊያየው የመጣውን መንደር ከሩቅ ተሳልሞ ይመለሳል።

ይህን የምጽፈው በዋናነት አውሮፓ ለምንኖር ሰዎች ነው። ከብራስልስ ወይም ከፍራንክፈርት ጠዋት የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ የፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ነው። ከአገር ቤት ለሚመጣም ይሠራል፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ ግን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ የፈረንሳይኛ ትርጉም ይጨምርበት። ተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ፣ ማለትም ቢ፣ እስከ 3.5 ቶን ድረስ ይበቃል። አብዛኛው የኪራይ ሞተርሆም ከዚያ አያልፍም።

ማታ የት?

ፈረንሳይ ለዚህ ጉዞ ከሚመቹ አገሮች አንዷ ናት። ብዙ የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች ለሞተርሆም ብቻ የተከለለ ማቆሚያ አላቸው። «ኤር» ይሉታል። አንዳንዱ ከኳስ ሜዳው ጎን ያለ ጠጠር የፈሰሰበት ቦታ ነው። አንዳንዱ ከመቃብር ቦታው አጠገብ ነው፤ እዚያ በጩኸት የሚረብሻችሁ ጎረቤት የለም። ብዙውን ጊዜ አንድ ማሽን ይቆማል። ንጹህ ውሃ ይቀዳበታል፣ የዕቃና የሻወር እጣቢ ይደፋበታል፣ የሽንት ቤቱ ካሴት፣ ማለትም ተነቃዩ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ ይገለበጥበታል። ዋጋው ከነጻ እስከ 15 ዩሮ ድረስ ነው። ውሃ ለብቻው ጥቂት ዩሮ የሚጠየቅበት ቦታ አለ፤ ስለዚህ ሳንቲም መያዝ አይከፋም።

ኤር ላይ የምትከፍሉት ለመቆሚያ ነው። ሕጉ መኪና ማቆምንና ካምፕ ማድረግን ይለያል። በሩን ዘግታችሁ ውስጥ ብትተኙ መኪና አቁማችኋል። ጥላ ከተዘረጋ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ከወጣ ግን ካምፕ አድርጋችኋል፤ ይህ ደግሞ ብዙ ኤር ላይ አይፈቀድም። ውጭ ተቀምጦ ራት መብላት ለእናንተ የጉዞው ዋና ነገር ከሆነ ኤር ብቻውን አይበቃችሁም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በፈጣኑ የክፍያ መንገድ ዳር ያሉት የዕረፍት ቦታዎችም «ኤር» ይባላሉ። እነሱ ሌላ ናቸው። ቀን ቡና ጠጡባቸው፣ ማታ ግን አትደሩባቸው። ተኝቶ ሳለ ተዘረፈ የሚባለው ወሬ አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ኤር ውስጥም ደረጃ አለ። «ካምፒንግ ካር ፓርክ» የሚባል ድርጅት ማገጃ ያላቸው ብዙ ኤሮችን ያስተዳድራል። ካርድ አንዴ ትገዛላችሁ፣ ብር ትሞላላችሁ፣ ማገጃው ይከፈታል። ስንት ባዶ ቦታ እንደቀረ በስልክ ይታያል፤ ኤሌክትሪክም ብዙ ቦታ አለው። ነፍስ የለውም የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። በኦገስት አጋማሽ፣ ልጆች ከኋላ እያለቀሱ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ማደሪያ ለሚፈልግ ሰው ግን ነፍሱ ሌላ ቀን ይደርሳል።

እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው፤ ገበሬ ቤት ማደር። «ፍራንስ ፓስዮን» የሚባለው መረብ ከ1993 ጀምሮ አለ። ወይን አምራቾች፣ የፍየል አይብ ሠሪዎች፣ ንብ አናቢዎች፣ ዳክዬ አርቢዎች ግቢያቸውን ለሞተርሆም ተጓዦች ይከፍታሉ። ከ2,000 በላይ አስተናጋጆች አሉት። የዓመት አባልነቱ 30 ዩሮ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለ24 ሰዓት ማቆም በነጻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአስፋልቱ ትገነጠላላችሁ፤ በወይን ተክሎች መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ትገባላችሁ። ግቢ ውስጥ ውሻ ይጮሃል። ሞተር አጥፍታችሁ ትወርዱና ባለቤቱን ሰላም ትላላችሁ። ሰላም ሳይሉ ጥግ ይዞ መቆም ነውር ነው፤ ይህን እንኳ ለኛ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። ባለቤቱ እጁን እየጠረገ ይወጣና በጣቱ ያሳያችኋል፦ እዚያ ዋልነቱ ዛፍ ሥር፣ ከትራክተሩ ጎን። ውሃና መብራት ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ። ዕቃ መግዛትም ግዴታ አይደለም፤ ደንቡ ራሱ ይህን ይላል። ግን ሰው ቤት ባዶ እጅ ገብቶ ባዶ እጅ መውጣት ለኛ አይዋጥልንም። አንድ ጠርሙስ ወይን ወይም አንድ ብልቃጥ ማር ገዝቶ መጨዋወት ከሆቴል ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ፈረንሳይኛ ባትችሉም ችግር የለም። «ቦንዡር» እና ፈገግታ ሩቅ ያስኬዳል።

እዚህ ላይ ያ የመኪና ጉዳይ ይመጣል። ፍራንስ ፓስዮን ውስጥ የሚገባው ራሱን የቻለ መኪና ነው። ሽንት ቤት አለው፣ እጣቢውን በራሱ ታንከር ይይዛል። ሽንት ቤት የሌላት ቆንጆ ትንሽ ቫን ከተከራያችሁ ይህ በር ተዘጋ ማለት ነው።

አራተኛው የማዘጋጃ ቤት ካምፕ ነው። የግሎቹ ትልልቅ ካምፖች ዋናና የውሃ መንሸራተቻ አላቸው፤ በኦገስት በአንድ ሌሊት ከ50 ዩሮ በላይ ይጠይቃሉ። የትም አገር ያለ ነገር ስለሆነ አልመክረውም። የማዘጋጃ ቤቱ ግን ሌላ ነው። በወንዝ ዳር፣ በረጃጅም ዛፎች ሥር፣ ለሁለት ሰው ከ15 እስከ 25 ዩሮ። ሙቅ ሻወር አለ፣ የልብስ ማጠቢያ አለ። ብዙ ቦታ ማታ ዳቦ ብታዙ ጠዋት ይመጣላችኋል። ችግሩ አብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ዝግ መሆኑ ነው።

ስለ ጫካና ስለ ባሕር ዳር የሚጠይቁም አሉ። ማቆም በሚፈቀድበት ቦታ ውስጥ መተኛት በአጠቃላይ አይከለከልም፤ የመንደሩ ከንቲባ ግን በምልክት ሊከለክል ይችላል። በባሕር ዳርቻና በተጠበቁ ሥፍራዎች ካምፕ ማድረግ ክልክል ነው። «ፓርክ ፎር ናይት» የሚለው መተግበሪያ ሰዎች ያደሩበትን ቦታ ሁሉ ያሳያል። በውስጠኛው ገጠር ጠቃሚ ነው። በበጋ ባሕር ዳር ግን የተፈቀደውንም ያልተፈቀደውንም ስለሚቀላቅል ሌሊት ተቀስቅሶ መነሳት ሊያመጣ ይችላል።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? አንዱን መርጦ በዚያ መጽናት አያስፈልግም። ሁለት ሌሊት ገበሬ ቤት ወይም ኤር፣ ሦስተኛውን ካምፕ። ይህን ቅደም ተከተል የሚወስነው ሽንት ቤቱ ነው። ካሴቱ 17 ወይም 18 ሊትር ይይዛል። ለሁለት ሰው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። ልጆች ካሉ በየቀኑ አስቡት። ካሴት መድፋት ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ጓንት ይዛችሁ ሂዱ፣ ተራ ግቡ፣ ማንም ከዚህ ነጻ አይውጣ።

ምን ነድቶ?

አሁን ወደ መኪናው። ትንሿ የፎልክስቫገን ካሊፎርኒያ ዓይነት ናት። ጣሪያዋ ሲዘጋ ቁመቷ ከ2 ሜትር በታች ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሱፐርማርኬትና የባሕር ዳር ማቆሚያዎች መግቢያ ላይ 2 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የብረት ማገጃ ይደረጋል። እሷ ብዙውን ጊዜ ታልፋለች። በክፍያ መንገድም እንደ ተራ መኪና በ1ኛው የታሪፍ ክፍል ትከፍላለች። ግን ቋሚ ሽንት ቤት የላትም። ስለዚህ ካሊፎርኒያን የመረጠ ሰው ካምፕን መርጧል ማለት ነው። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ውስጧ ለሁለት ሰው ይጠባል።

ቀጥሎ ፉርጎ ቫኑ አለ። በፊያት ዱካቶ፣ በፔዦ ቦክሰር ወይም በሲትሮየን ጃምፐር ላይ የሚሠራው ነው፤ ሦስቱም በመልክ ወንድማማች ናቸው። ርዝመቱ ከ5.40 እስከ 6.36 ሜትር፣ ስፋቱ 2.05 ሜትር ነው። ሽንት ቤትና ትንሽ ሻወር አለው። ሻወሩ ውስጥ ሲታጠቡ ክርን ግድግዳ ይመታል፤ ግን አለ።

«ፕሮፊሌ» የሚሉት ደግሞ እውነተኛው ነጭ ሣጥን ነው። ስፋቱ 2.30 ሜትር አካባቢ፣ ርዝመቱ እስከ 7.40 ሜትር። ከኋላ ቋሚ ሰፊ አልጋ አለው፤ ሻወሩም የሰው ሻወር ነው። ቫኑም ፕሮፊሌውም ቁመታቸው ከ3 ሜትር ስለማያልፍ በክፍያ መንገድ 2ኛ ክፍል ይከፍላሉ። ከተራ መኪና አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው።

በመጨረሻ ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ የተጫነበት «ካፑሲን» አለ። አምስትና ስድስት ሰው ያስተኛል። ልጆች ላይኛውን አልጋ ሲያዩ ያብዳሉ። ነገር ግን ብዙው ከ3 ሜትር በላይ ስለሆነ 3ኛ ክፍል ሊያስከፍል ይችላል። ነፋስ ይገፋዋል። ናፍጣም ይጠጣል፤ ቫኑ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ገደማ ሲበቃው ይሄ 11 ወይም 12 ይፈልጋል። አውቶቡስ የሚመስለው «አንቴግራል» አለ፤ ውድ ነው፣ ለኪራይም ብዙ አይገኝም፣ እንለፈው።

በእነዚህ መካከል ወሳኙ ርዝመት ይመስላል። አይደለም፤ ስፋት ነው። በ2.05 እና በ2.30 መካከል ያለው 25 ሳንቲ ሜትር በሰፊ መንገድ ላይ አይታይም። የድሮ መንደር ውስጥ ግን ቤቶቹ ድንጋይ ናቸው፣ መንገዱ ለጋሪ የተሠራ ነው። የመስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያዎች ወደ ውጭ ወደ መንገዱ ይከፈታሉ። የጣሪያ ውሃ መውረጃ ቱቦው ግድግዳው ላይ ወጣ ብሎ ይታያል። አንዱ ጥግ ላይ የአበባ ማሰሮ አለ። ከፊት ለፊት ደግሞ የዳቦ ቤቱ መኪና ይመጣል። በቫን ከሆናችሁ መስታወት አጥፋችሁ ታልፋላችሁ። በፕሮፊሌ ከሆናችሁ አንድ ሰው ወርዶ ከኋላ «ና፣ ና፣ ቁም!» እያለ ወደ ኋላ ማስወጣት አለበት። መንደርተኛው በር ላይ ቆሞ ያያል።

ስለዚህ ለሁለት ሰው የፈረንሳይ ገጠር የቫን አገር ነው ባይ ነኝ። አንድ ትንሽ ልጅ ቢጨመርም እንደዚያው። ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ካሉ ፕሮፊሌ ወይም ካፑሲን ውሰዱ፤ ከመንደሩ ውጭ አቁሙና በእግር ግቡ። ከሱ የባሰ ነገር አለ፤ ዝናባማ ቀን፣ አራት ሰው፣ አንዲት ቫን።

ልጆች ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ። የአልጋ ቁጥርና የመቀመጫ ቁጥር አንድ አይደለም። ስድስት የሚያስተኛ መኪና ቀበቶ ያለው መቀመጫው አራት ሊሆን ይችላል። የጎን መቀመጫ ላይ የልጅ ወንበር አይታሰርም። ክብደትም አለ። 3.5 ቶን ማለት ከነሰዉ፣ ከነውሃው፣ ከነጤፍ ዱቄቱ ነው። ባዶውን 3 ቶን የሚመዝን ካፑሲን ላይ አምስት ሰው፣ 100 ሊትር ውሃና የሁሉ ሻንጣ ሲጫን የክብደቱ ወሰን ላይ ደረሰ ማለት ነው። ፖሊስ ካስቆመና ካስመዘነ ቅጣት አለ።

ወይስ ተራ መኪናና ጎጆ?

ይህን ሳያነሱ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ብዙ ሰው ሞተርሆም ይረክሳል ብሎ ነው የሚገባበት። አይረክስም።

ለሁለት ሰው አንድ ሳምንት በሴፕቴምበር፣ 1,000 ኪሎ ሜትር እንበል። ቫን በቀን 110 ዩሮ ብንል 770 ነው። 90 ሊትር ናፍጣ በ1.70 ሂሳብ 153። ማደሪያ ከነካምፑ 65 ገደማ። ድምሩ 990 አካባቢ ይመጣል፤ የመንገድ ክፍያው ሳይጨመር። በሌላ በኩል ትንሽ መኪና በቀን 40 ዩሮ፣ 280። ነዳጅ 105። «ጂት» የሚባለው የገጠር ቤት በሳምንት 450። ድምሩ 835። የራሳችሁ መኪና ካላችሁ ደግሞ ልዩነቱ ከ400 ዩሮ ያልፋል። ቁጥሮቹ እንደ ወቅቱና እንደ አካባቢው ይለያያሉ፤ በኦገስት ሁለቱም ይሰቀላሉ። ሚዛኑ ግን ብዙም አይገለበጥም።

ጂት የድንጋይ ቤት ነው። ወጥ ቤት አለው፣ ግቢ አለው፣ አንዳንዴም የፍራፍሬ ዛፍ። «ጂት ደ ፍራንስ» የሚባለው ማኅበር ከ1955 ጀምሮ እነዚህን ቤቶች ይመድባል፣ ደረጃ ይሰጣል። በበጋ የሚከራየው ብዙውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው።

ምርጫው በዋጋ ሳይሆን በአካሄዳችሁ ነው። አንድ አካባቢን ረጋ ብላችሁ ልታዩ ከሆነ ጂት ይሻላል፤ አልከራከርም። እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው ይዛችኋቸው የምትሄዱ ከሆነም እንዲሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እማማን የሞተርሆም ደረጃ ላይ ሲያወጡ ሲያወርዱ መዋል፣ ሌሊት በጠባብ መተላለፊያ ሽንት ቤት መላክ አይሆንም። በአንድ ጉዞ ሁለትና ሦስት ክልል ማየት የሚፈልግ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ደቡብ መዞር የሚፈልግ፣ ሻንጣ መፍታትና ማሰር የሰለቸው ግን ሞተርሆም ይውሰድ።

ስለ ወጥ ቤቱ

ለኛ ሰው ሚዛኑን የሚያዛባ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ጾም ነው። የገጠር ፈረንሳይ ምግብ ቤት ዳክዬ፣ ቅቤ፣ ክሬምና አይብ ነው። ደቡብ ምዕራብ ድንቹ ሳይቀር በዳክዬ ስብ ይጠበሳል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ በትክክል ፈረንሳዮች ለዕረፍት የሚወጡበት ሰሞን። በዚያ ወቅት ሆቴልና ምግብ ቤት ተማምኖ የሚዞር ጾመኛ በሰላጣና በዳቦ ይሰነብታል። ሞተርሆምም ጂትም ይህን ይፈታሉ፤ ምድጃው በእጃችሁ ነው።

ገበያው ደግሞ ይረዳል። «ለፑይ» በምትባል ከተማ ዙሪያ የሚበቅል አረንጓዴ ምስር አለ፤ በ1996 በትውልድ ቦታው ስም ሕጋዊ ጥበቃ አግኝቷል። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ሳይዘፈዘፍ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበስላል፣ ቅርጹን አይለቅም። ጋዝ ይቆጥባል። ለአዚፋ የተፈጠረ ነው። ሰናፍጩን ከየትኛውም ሱቅ ታገኛላችሁ፤ በሰናፍጭ የታወቀችው የዲዦን ከተማ አገር ናት። ቃሪያና ሎሚ ጨምሩና ጨረሳችሁ።

እንጀራ ላይ ግን ሕልም አትመኙ። የአገር ቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል። ካምፕ የሚሰጣችሁ መብራት 6 ወይም 10 አምፔር ነው። ስድስቱ 1,400 ዋት እንኳ አይሞላም፤ አሥሩም 2,300 ነው። ምጣዱን ሰክታችሁ ገና ሊጡን ሳታፈሱ ብሬከሩ ይወድቃል፤ አንዳንድ ቦታ የጎረቤትም ይጠፋል። ጋግራችሁ፣ ለየብቻ ጠቅልላችሁ ውሰዱ። የሞተርሆም ማቀዝቀዣ በረዶ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ከሦስት አራት ቀን በላይ አትቁጠሩ። ከዚያ በኋላ ሽሮ በዳቦ።

ቡናም ውጭ ይቆላ። ውስጥ ከቆላችሁት የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ ሽታው ፍራሹና መጋረጃው ላይ ይቀራል፣ አከራዩ ደግሞ ከማስያዣው ላይ ይቆርጣል። ዕጣንም ያው ነው። ከሰል ደግሞ በደቡብ በበጋ አታስቡት፤ በሰደድ እሳት ምክንያት ክፍት እሳት በጥብቅ ይከለከላል። በካምፕ ግቢ ውስጥ፣ ከሚፈቀድበት ቦታ፣ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ቆልታችሁ ጎረቤቱን ጥሩ። የጀርመንና የሆላንድ ጡረተኞች አንዴ ከቀመሱ እስከ ቶና አይነሱም።

ስለ ጋዙ አንድ ነገር። ከሌላ አገር ያመጣችሁት ሲሊንደር ፈረንሳይ ውስጥ በአብዛኛው አይቀየርም። ሙሉውን ይዛችሁ ግቡ። ተራራ ላይ ለሚያድር ሰው ፕሮፔን ይሁን፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መትነን ያቆማል፣ ቡናም ማሞቂያም የለም።

ወዴት?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነዳ ሰው በሰሜን ምዕራብ ወዳለው ብሪታኒ ይሂድ። እዚያ የመንገድ ክፍያ የለም። ሰፋፊ ባለ ሁለት መስመር መንገዶቹ ነጻ ናቸው፣ ኤር ሞልቷል። ዝናብ ግን አለ፤ በጁላይም አለ።

ከጀርመን ለሚነሳ አልዛስ ቅርብ ነው። የወይን መንገዱ ከ1953 ጀምሮ ያለ ሲሆን 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። መንደሮቹ ለሞተርሆም የሚከፈልበት ማቆሚያ አላቸው፤ ከዚያ በእግር ይገባል። ውብ ነው፤ ያን ያህልም ሰው ይበዛበታል። ሜይና ጁን ይሻላሉ። ሴፕቴምበር ወይን ለቀማ ስለሆነ ያያችሁት ሁሉ ደስ ይላል፣ አምራቾቹ ግን ለጨዋታ ጊዜ የላቸውም።

በደቡብ ምዕራብ ያለው ዶርዶኝ የፎቶ አገር ነው። ገደል ሥር የተለጠፉ መንደሮች፣ ወንዝ፣ የሳርላ የቅዳሜ ገበያ። የጥንት ሰዎች የሣሏቸው የላስኮ ዋሻ ሥዕሎች በ1940 እዚያ ተገኙ። ዋናው ዋሻ ከ1963 ጀምሮ ለሕዝብ ዝግ ነው፤ የሚታየው በ2016 የተከፈተው ሙሉ ቅጂ ነው፣ ቅጂ ነው ብላችሁ አትናቁት። መንገዶቹ ግን ጠባብ ናቸው። ዶርዶኝ ካላችሁ ቫን በሉ። በኦገስት ደግሞ አትሂዱ።

በደቡብ ምሥራቅ ወዳለው ፕሮቫንስ ሰው ሁሉ ለላቬንደሩ ይሮጣል። የቫለንሶል ማሳዎች የሚያብቡት ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ ሙቀቱ ነጩን ሣጥን ምድጃ ያደርገዋል። የሾፌሩ አየር ማቀዝቀዣ የሚሠራው ሞተር ሲነሳ ብቻ ነው። እኔ በሜይ እሄዳለሁ፤ ላቬንደሩ ይቅርብኝ።

የኔ ምርጫ መሀል አገሩ ነው፤ ማሲፍ ሴንትራል። ከክሌርሞን ፌራን ወደ ደቡብ የሚወርደው ኤ75 መንገድ ነጻ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚከፈለው የሚዮ ድልድይ ላይ ነው። በ2004 የተከፈተ፣ ቁመቱ 343 ሜትር የሆነ ድልድይ ነው፤ ቢከፈልበትም አይቆጭም። ከዚያ መንገድ ወደ ኦብራክ አምባ ትገነጠላላችሁ። ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ዛፍ የሌለው ሣር፣ የድንጋይ ካብ፣ ዓይናቸው የተኳለ የሚመስል ቡናማ ላሞች፣ ጠዋት ጉም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያደገ ሰው ጋቢውን ይፈልጋል። ሌላው ፈረንሳይ በሙቀት ሲነድ እዚህ ሌሊት ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ጾመኛ ያልሆነ «አሊጎ» ይብላ፤ ድንች ከአይብ ጋር ተመትቶ እንደ ገመድ የሚሳብ ነው። ከዚያ በስተ ምሥራቅ ለፑይ ትገኛለች፤ ካቴድራሏ ውስጥ ጥቁር የማርያም ምስል አለ። ምስሩንም ከምንጩ ትገዛላችሁ። እዚህ መንደሮቹ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ፕሮፊሌም አይጨነቅም። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ግን በተራራማ አካባቢዎች የክረምት ጎማ ወይም የጎማ ሰንሰለት ግዴታ ነው።

ከቤልጅየም ወይም ከሆላንድ የምትነሱ ደግሞ መንገዳችሁን በአርደን በኩል አድርጉት። ሻርልቪል ሜዚየር የአርተር ራምቦ ከተማ ናት፤ ያ በሐረር የኖረው ገጣሚ፣ ኋላም ነጋዴ፣ ለምኒልክ ጠመንጃ የሸጠው። በ1891 ማርሴይ ሞተ፤ የተቀበረው እዚህ ነው። ሙዚየሙ በሜዝ ወንዝ ላይ ባለ የድሮ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ካምፑ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ በእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ መሄድ ይቻላል። ሐረርጌ ያደገ ሰው እዚያ አንድ ሌሊት ቢያድር አይጸጸትም።

ከመፈረማችሁ በፊት

ወቅቱን ከመረጣችሁ ከኦገስት 20 በኋላ ያለውን ምረጡ። እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ ፀሐዩ አለ፣ ሰዉ ግን ወደ ሥራው ተመልሷል፣ ካምፑም ገና አልተዘጋም። በጁላይና በኦገስት አጋማሽ ከሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማደሪያችሁ ላይ ድረሱ፤ ኤር ቀድሞ ይሞላል።

የገጠር ሱቅ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ይዘጋል። እሑድ ከሰዓትና ሰኞም ብዙ አትጠብቁ። ናፍጣ ከሱፐርማርኬት ማደያ ይቀዳ፤ ከፈጣን መንገዱ ይረክሳል። ከከተማ ውጭ በተራው መንገድ ፍጥነቱ 80 ነው፣ 90 የሚል ምልክት ካላያችሁ በቀር። መንደር ውስጥ ምልክት በሌለው መገናኛ ላይ ከቀኝ የሚመጣ ቅድሚያ አለው፤ ከትንሽ ጓሮ መንገድ ብቅ ያለው አሮጌ ትራክተር ሳይቀር።

ከአከራዩ ጋር የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ማስያዣው ስንት ነው? ከ1,500 እስከ 3,000 ዩሮ ካርዳችሁ ላይ ሊታሰር ይችላል። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይፈቀዳል? ጣሪያና መስታወት በኢንሹራንሱ ውስጥ አሉ? ብዙ ውል ጣሪያውን ያወጣዋል፤ የሚጋጨው ደግሞ ጣሪያው ነው። የሾፌሩ ዕድሜና የመንጃ ፈቃዱ ዕድሜ ገደብ አለው? ሲመለስ ካሴቱና የእጣቢ ታንከሩ ባዶ መሆን አለበት? አለበት፤ ካልሆነ ያስከፍላል። መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውን፣ ጣሪያውንና የውስጥ ወለሉን በስልክ ቪዲዮ አንሱ። ቁመቱን በሜትር በወረቀት ጻፉና መሪው አጠገብ ለጥፉት፤ ድልድይ ሥር ስትደርሱ ለማስታወስ መሞከር አይሆንም።